ማሬ ካልገባች

ሰላማዊት ይሻውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ወዳዋለች፤ የሚያናድዳት ስም አወጣጡ ብቻ ነው።

ሁለቱ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይተው ለሚኒባስ ማኅበር ድረ ገጽ ይሠራሉ። የሐሙሲቱም የገሳዩም ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ወንበር እንዲይዝ ነው። በፕሮግራም ውስጥ ቁጥርም ሆነ ቃል የሚቀመጥበት ዕቃ ቫሪያብል ይባላል፤ ለእያንዳንዱም በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ ስም ይወጣለታል። ሰላማዊት ደግሞ ሕግ አላት፤ ስሙ ሥራውን ይናገር። የወንበር ብዛት ከሆነ «የወንበር_ብዛት» ይባል። በቁጥር አይጀምር፣ መሀሉ ክፍት ቦታ አይግባበት፣ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል እንዳገኙ አይደባለቅ። ይሻው ግን አፉ ላይ የመጣለትን ይለጥፋል።

«ስም ምን ያደርጋል? ኮምፒውተር እንደሁ አይቀየም» ይላል እየሳቀ።

እውነቱን ነው፤ ኮምፒውተር አይቀየምም። ሰው ግን ይቀየማል።

እሁድ የይሻው ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። በዚያው ሳምንት ይሻው ለሾፌሮች አጠቃቀሙን ሊያሳይ ሐሙሲት ወረደ፤ ድረ ገጹም ቀን ጠብቆ ተበላሸ። በሞላ መኪና ላይ ሰው ይመዘግባል። ሰላማዊት የይሻውን ኮድ ከፈተች።

ያልተያዘው ወንበር ብዛት ስሙ «ማሬ» ነው። የተሳፋሪው ተራ ደግሞ «ትርንጎ»።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለች ብቻዋን።

ችግሩን አላጣችውም። ይሻው ማሬን አንድ ቦታ በትልቅ፣ ሌላ ቦታ በትንሽ ፊደል ጀምሯታል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ አንዷ ስትቀነስ ሌላዋ ሳትነካ ትቀራለች። «አንዷ ሳታንስ ሁለት ማሬ!» ብላ ፊደሏን አስተካከለች። ድረ ገጹ ዳነ፤ የእሷ ሆድ ግን ሻከረ። ይሻው ከጎን ማስታወሻ ጽፏላ፦ «ማሬ ካልገባች ማንም አይግባ። ትርንጎ ትጠበቅ፣ ታመልጣለች።» ከታች የራሷም ስም አለ። «ሰላማዊት» የምትይዘው ከማሬ የተረፈውን ነው።

«እኔ! የማሬ ትራፊ!»

ልትደውልለት አሰበችና ተወችው፤ ወንድ ሲጠየቅ ይስቃል እንጂ መች ይናገራል። ሽማግሌ ሳይላክ አማት ደጅ መርገጥ ነውር መሆኑን እያወቀች እናቱ ወዳሉበት ወደ ገሳይ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባች። ነገሩ ካልጠራ አባቷ ሽማግሌዎቹን ከደጅ ይመልሷቸዋል፤ ቆርጣለች። መንገዱን ሙሉ «ማሬ፣ ትርንጎ» እያለች እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ፈራ ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

የይሻው እናት እማማ ውዴ ከደጃፋቸው ገብስ ሲያበጥሩ አገኘቻቸው።

«እንደምን ዋሉ እማማ። ከይሻው ጋር ነው የምሠራው» አለች። ስሟን አልተናገረችም።

«እሰይ፣ የልጄ ባልንጀራ! ነይ አረፍ በይ።»

አረፍ ማለት የት አባቱ! «እማማ፣ ማሬ የሚሏት... ያውቋታል?»

የውዴ ፊት በራ። «ማሬ! እሷ ባትኖር ይሻው መች ሰው ይሆን ነበር? ደብተሩም ጫማውም ከእሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሲነሣ አንገቷን አቅፎ አልለቅም ብሎ ሁላችንን አላቀሰን።»

«ትርንጎስ?»

«ልጇ ናታ! እሷስ ዓመለኛ ናት፤ ዓይንሽን ካነሣሽላት የለችም።»

እናትና ልጅ! የሰላማዊት ጆሮ ጮኸ።

«ማሬ ባለፈው ሰኔ ደግሞ ሴት ወለደች» ቀጠሉ ውዴ። «ስሟንም ራሱ ይሻው አወጣ፤ ከእኔ በቀር ማንም አያወጣላትም ብሎ።»

ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? አባት ካልሆነ ማን ስም አወጣለሁ ብሎ ይሟገታል? እንባዋ ግጥም አለ። ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ደወለች።

«ውይ፣ መጡ መሰለኝ» ብለው ውዴ ተነሡ። «ማሬ! ነይ ማሬ! ትርንጎ!»

ሰላማዊት እንባዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ባላንጣዋን ፊት ለፊት ልታይ ቆመች። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይጠራል።

«አንቺስ፣ ነይ እንጂ ሰላማዊት!» አሉ ውዴ።

ስሟን አልነገረቻቸውም ነበርና ክው አለች፤ ስሟ የተጠራው ጥጃ ግን ከጓሮ እየዘለለች መጥታ ከግጦሽ በተመለሰችው ማሬ ጡት ሥር ገባች።