ቀኙ ስፔኪዮ

እንድሪስ ዐይኑን ከቀኙ ስፔኪዮ መንቀል አቃተው። በመስታወቱ ውስጥ የሸራው ጠርዝ ተፈትቶ ይርገበገባል፤ ከሸራው ሥር የወጡ አራት ጣቶች ጨምድደው ይዘውታል። የልጁ የኢስሃቅ ጣቶች ናቸው። ከማሽላው ጆንያ መሀል ተኝቶ፣ ነፋሱ ገልጦ እንዳያጋልጠው ይታገላል።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አፈሳ ከተጀመረ አራተኛ ቀኑ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደው የሰፈር ልጅ እስካሁን የተመለሰ የለም። እንድሪስም የበኩር ልጁን አምባሰል ካሉት አጎቶቹ ዘንድ ሊደብቀው በጧት በጭነት መኪናው ጭኖት ተነሣ። ሸራውን ያሰረው በጥድፊያ ነው። ምን ዋጋ አለው! ገና ከከተማው ሳይወጣ አንድ ወታደር መንገድ ላይ እጁን ዘረጋበት። በዚያ ዘመን ወታደር አቁም ብሎት የማይቆም ሹፌር አልተፈጠረም። ሃምሳ አለቃ አስረስ እባላለሁ፣ ውጫሌ ኬላ ድረስ ነኝ ብሎ ጋቢና ገባ፤ ክላሹን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነው። አንዴ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ አለቀ።

ከፊታቸው የግሸን ተሳላሚዎችን የጫነ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሃምሳ አለቃው ቸኩሏል፤ እለፈው እንጂ አለ።

እንድሪስ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል። ከእጁ የወጣ ሹፌር ሁሉ አንድ ነገር ተምሮ ነው የሄደው፦ ዐይን ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል። ግራ ስፔኪዮ፣ ፊት ለፊት፣ እንደገና ግራ ስፔኪዮ፣ ከዚያ መሪ። እሱ ራሱ ይህን ተኝቶም አይስተውም። ዛሬ ፍሬቻውን አበራ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ዐይኑ ግን ቀኝ ነበረ።

በግራ በኩል ክላክስ ጮኸ። ደርቦ ሊያልፋቸው የመጣ ላንድሮቨር ጎማው ሥር ሊገባ ለጥቂት ቀረው። "ያ ረቢ!" ብሎ መሪውን መለሰ፤ መኪናው ተንገጫግጮ ከአውቶቡሱ ኋላ ገባ። የላንድሮቨሩ ሹፌር እየተሳደበ አለፈ። እንዲያም ሆኖ ያ የፈረደበት ዐይኑ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ቀኝ ነው። ጣቶቹ አሉ።

ሃምሳ አለቃው ወደ እንድሪስ ዞረ።

"እኔም ዘጠኝ ዓመት የጦሩን ኡራል ነድቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ወደ ግራ የሚወጣ ሹፌር ቀኙን አያይም።"

ሃምሳ አለቃው አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ ኋላ አየ፤ አይቶም ቶሎ አልተመለሰም። ሲመለስ ከፊቱ ምንም አይነበብም። እጁን ዘርግቶ ስፔኪዮውን አጠፈው።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ ስምንት" አለ እንድሪስ። ለካ ለመዋሸትም አቅም ያስፈልጋል።

"በል ፊትህን እያየህ ንዳ።"

እንድሪስ ልጁን ራሱ ጭኖ ለኬላ ሊያስረክበው እየወሰደ መሰለው። ለምን አላቆምም፣ ውረድና ሩጥ ለምን አልለውም ይልና፣ ክላሹን ያያል፤ መልሶ ይነዳል።

ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሯል። ጠባቂው በግራ በኩል መጥቶ ምን እንደጫነ ጠየቀው። ማሽላ ነው ሲል ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። ሃምሳ አለቃው በቀኝ ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። የከስክስ ጫማው ጠጠሩን እየረገጠ ሄደ፣ ሄደ፣ ሸራው ጋ ሲደርስ ቆመ። እንድሪስ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ እንደታዘዘው ፊት ፊቱን እያየ፣ አላህን በልቡ ለመነ። የቆመው እግር አልነቃነቅ አለ።

"ማሽላ ብቻ ነው" አለ ከኋላ የሃምሳ አለቃው ድምፅ። "ፈትሼዋለሁ፣ ይለፍ።"

ገመዱ ወደቀ። ሃምሳ አለቃው በመስኮቱ በኩል መጣና ስፔኪዮውን ወደ ቦታው መለሰው።

"አብሽር" አለ ዝቅ ብሎ፣ ዞሮም ሄደ።

እንድሪስ ማርሽ አስገብቶ ወደ ቀኝ አየ። ጣቶቹ የሉም። የሸራው ጠርዝ በጥቁር የጫማ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ከሸራው ወዲያ ሃምሳ አለቃው ወደ ኬላው ጎጆ ያዘግማል፤ የቀኝ ጫማው አፉን ከፍቶ በየእርምጃው ከተረከዙ ይወልቃል።