እስከ መጋረጃው

ዞር ስል ፈረንጁ የለም።

ፒያሳ መሀል ነን። አክስቴ እናኑ ዛሬ ከኮላ ድባ መግባቷ ነው፤ እጄን ይዛ አልለቅ ብላኛለች። «ምነው እንዲህ ከሳህ ዋኘው ልጄ? ልጆቹ ሸጋ ናቸው? ሚስትህ አምሳልስ? ጥርሷ ተሻላት?» ትለኛለች። ስለ ሰው ጠይቃ አልጨረሰችም፤ ከብቱና አዝመራው ገና ይቀረናል። የአክስትን ሰላምታ ማን ያቋርጣል? እኔም አላቋረጥኩም። ሙሴ ኩርት ግን በሰዓቱ ሄዷል።

ሙሴ ኩርት ጡረታ የወጣ ጀርመናዊ አስተማሪ ነው። በሱ አገር የድሮ ከተማ የሚጎበኝ ሰው ወረቀት ይይዛል አሉ፤ ከዚህ በር እስከዚያ ግንብ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ የት አረፍ እንደሚባል ሁሉ የተጻፈበት። ለጎንደርም እንዲህ ያለ ወረቀት ልሥራ ብሎ ይኸው ሦስት ቀን ሰዓቱን እያየ ይራመዳል፣ እኔ እየመራሁት። «ቀላል መንገድ፣ ለሽማግሌም የሚሆን» ብሎ ጽፎበታል። ግልባጩ ኪሴ ውስጥ ነበርና አውጥቼ አያለሁ። ቁጥር ስድስት ፒያሳ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት። ቁጥር ሰባት ቤተ ክርስቲያኑ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ክው አልኩ።

እዚያ ለማስገባት ፈቃድ ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ቄሰ ገበዙ አባ ወልደኢየሱስ ሲያንገራግሩ፣ «መጋረጃውን እንዳያልፍ በነፍሴ እዋሳለሁ» ብያቸው ነው እሺ ያሉት። ከመጋረጃው ወዲያ መቅደሱ ነው፣ ታቦቱ ያለበት። ከካህንና ከዲያቆን በቀር ማንም አይረግጠውም። ሌላ ሰው ከገባበት ጳጳስ መጥቶ በሜሮን እስኪያከብረው ድረስ ቤቱ ይዘጋል፤ ቅዳሴም የለ፣ ክርስትናም የለ። እኔም አባቴ በተቀበረበት ግቢ ሁለተኛ ፊቴን አላሳይም።

ጫማህን በር ላይ አውልቅ ብዬዋለሁ። ይህን ትናንት ነገርኩት። የመጋረጃውንስ ነገር? በሩ ላይ ስንደርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።

«አክስቴ፣ ይቅር በይኝ!» ብዬ እጄን ከእጇ እነጥቃለሁ።

«ምነው? ማን ሞተ?» ትላለች ከኋላዬ።

ሐምሌ ነው፤ ጧት የጣለው ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። የምሠራበት ሆቴል ለአስጎብኚነቴ ብሎ የሰጠኝ ጥቁር ጫማ ጭቃ እየጠጣ ይከብደኛል። የግንቡን አጥር ታክኬ እሮጣለሁ። «ፈረንጅ አላያችሁም?» ስል አንዲት ጌሾ ሻጭ በአገጯ ታመለክተኛለች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በጣልያን ጊዜ፣ ጎንደር በአውሮፕላን ስትደበደብ ልጅ ነበርኩ፤ ያኔ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ረቡዕ ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዲያቆኑ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ይሆናል፣ ሰው አይታይም። ደጃፉ ላይ የሙሴ ኩርት ቡናማ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲው ተጣጥፎ ውስጡ ገብቷል።

አለቀልኝ፣ እላለሁ። ገብቷል።

ዘልዬ እገባለሁ። ከብርሃን ስመጣ ውስጡ ይጨልምብኛል። «ሙሴ ኩርት!» እላለሁ በሹክሹክታ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ጮኬ አላውቅም። ከበሮው በቦታው ነው፤ መቋሚያዎቹም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር ኮሽ ይላል። የመጋረጃው ጫፍ ይነቃነቃል።

ሁለተኛ ሚስት አግብቼ ዲቁናዬን ካፈረስኩ ሰባት ዓመቴ ነው። መቅደሱ ለኔም እንደ ማንም ሰው የተከለከለ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታቦቱን ሳይነካ ልድረስበት። መጋረጃውን ገልጬ እገባለሁ።

ማንም የለም። በመስኮቱ የገባች እርግብ መውጫ አጥታ ክንፏን ታርገበግባለች።

«ዋኘው?»

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ፣ ከደጅ ነው። መጋረጃውን እንደያዝኩ እዞራለሁ። ሙሴ ኩርት ከደፉ ውጭ በባዶ እግሩ ቆሟል፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። «በጓሮ በኩል በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ ነበር» ይለኛል በእንግሊዝኛ። «ያላንተ ብገባ ነውር መሰለኝ።»

የሚያየው ፊቴን አይደለም። ዓይኑን ተከትዬ እኔም ወደ ታች አያለሁ። በተጠረገው ምንጣፍ ላይ፣ ከደጃፉ ጀምሮ፣ የጭቃ ኮቴ ተሰልፏል። ከበሮውን አልፎ፣ በመጋረጃው ስር አልፎ፣ እኔው ዘንድ መጥቶ ይቆማል።

«ዋኘው!» ይላሉ አባ ወልደኢየሱስ ከግቢው። መቋሚያቸው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማኛል፣ እየቀረበ ነው። «የፈረንጅ ጫማ አያለሁ። እንግዳህ መጋረጃውን አላለፈም አይደል?»

«አላለፈም፣ አባቴ» እላለሁ። እውነቴን ነው።

ሙሴ ኩርት ለሳቸው ከበሩ ገለል ይላል። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ለመፍታት እታገላለሁ። ቋጠሮው ጭቃ ጠጥቶ አልፈታ አለኝ።