ከአደጋ በታች

በዚያ ዘመን ሰው የሚያስታውሰው ጭንቅላቱ ውስጥ የተተከለው ቺፕ የመዘገበውን ብቻ ነበር። ይፍቱሥራ የቺፑን የምዝገባ ኮድ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከሚጽፉት ፕሮግራመሮች አንዷ ናት። እናቷ ሲሞቱ ሐዘኑ አላስቀምጥ ቢላት የራሷን ቺፕ ከፍታ የምዝገባውን ደረጃ «አደጋ ብቻ» አደረገችው፤ ከአደጋ በታች ያለው ሁሉ እንዳይመዘገብ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሐዘኑ ለቀቃት፤ ሌላውም ነገር አብሮ ለቀቃት።

አንድ ቀን ባሏ ምናሴ ከሥራ ሮጦ ገባ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ናርዶስ የት ጋ ነው መራመድ የጀመረችው?»

«ተራመደች እንዴ?»

«ይፍቱ፣ ጠዋት ደውለሽ “ልጅህ ሄደች” እያልሽ በደስታ ስታለቅሺ አልነበር?»

«እኔ ደወልኩ?»

ምናሴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «ቺፑን ወደ ነበረበት መልሺው በቃ» አላት ቀስ ብሎ።

«ለወደፊቱ እመልሰዋለሁ። ያልተመዘገበውን ግን ከየትም አላመጣውም።»

ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ያን ጊዜ የቀየረችውን የኮድ መስመር ፈልጋ «አደጋ ብቻ» የሚለውን አጥፍታ «ሁሉንም» ብላ ጻፈች። ሐዘኑም ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ናርዶስ የጠረጴዛውን እግር ለቅቃ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ዘጭ አለች። ምናሴ አጨበጨበ። ይፍቱሥራ ያ የጠዋቱ ደስታ ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ቢሆንም ዓይኗን ከልጅቷ አልነቀለችም።