ውሃ!

በዚያች ከተማ ሰው በዕድሜው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚጮኸው። አንዴ ከመረጠ በቃ፤ አደባባይ ላይ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው ያቺው የመረጣት ቃል ናት። ወይዘሮ ወይንሸት በልጅነታቸው፣ ጀሪካን አዝለው ሰፈር ለሰፈር ሲንከራተቱ ነው የመረጡት፦ ውሃ። የቧንቧው ውሃ ቀን ከሌት መውረድ ከጀመረ እነሆ ስንት ዘመኑ።

አሁን የጠፋው ልጃቸው ምናሴ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ሊጮህ ሰልፍ እንደወጣ ቀረ። ቢሮ ለቢሮ ዞረው ቢጠይቁ «ነገ ይምጡ» ሆነ መልሱ። ዛሬ ግን ምን ቢመጣ ልጩህ ብለው አደባባይ ወጡ።

«ልጄን!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ውሃ!» አለ አፋቸው።

ደግመው ጮኹ፤ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹ። «ውሃ! ውሃ!»

ስለ ዛፎች ከሚጮኹት ሰልፈኞች አንዲት ልጅ ሮጣ መጣች። «ውይ እማማ፣ እንኩ ይጠጡ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል» ብላ የታሸገ ውሃ አስጨበጠቻቸውና ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች።

ወይዘሮ ወይንሸት አልከፈቱትም። ቤት ይዘውት ገቡና ተደፍቶ ከከረመው የምናሴ ሳህን አጠገብ አስቀመጡት።

ሲመጣ ይጠማዋል።