የእማማ የሺዓለም ቁርስ

«ሳህኑ ባዶ ነው፤ በልተዋል። እንውጋቸውና እንለፍ» እላለሁ። ኢንሱሊኑን በመርፌ ስቤ፣ ትሪዬን ይዤ ከእማማ የሺዓለም እግርጌ ቆሜያለሁ። የነሐሴ ዝናብ የፒያሳን ቆርቆሮ ይደበድባል።

ሲስተር ጸሎት አትሰማኝም። የክፍላችን ኃላፊ ከሆነች ወር አልሞላትም፤ ሥርዓቱን ግን ገለባብጣዋለች። ድሮ የሌሊትና የቀን ተረኞች ርክክባችንን ነርሶች ክፍል ሻይ እየጠጣን እንጨርስ ነበር። አሁን በየአልጋው እየዞርን፣ በሽተኛው እየሰማ፣ እሱንም እየጠየቅን ነው ትላለች። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳልላት ተምራለች። እኔ መርፌ መውጋት ስጀምር ግን እሷ ጡት ትጠባ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷን ስከተል እግሬ ያብጣል፣ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

ሌሊት ያደረው ተስፋሁን ካርዱን ያነባል። «አልጋ ስድስት፣ ወይዘሮ የሺዓለም፣ የስኳር ሕመም። ትናንት ቀትር ላይ ስኳራቸው ወርዶ፣ አልቧቸውና ተንቀጥቅጠው በግሉኮስ ተመልሰዋል። ምክንያቱ አልታወቀም። ሌሊቱን ደህና አድረዋል።»

ትናንት ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ስማቸውን ስጠራ ዓይናቸው እያየኝ አይመልሱልኝም ነበር። በስመ አብ! ለአንድ አፍታ አመለጡን ብዬ ነበር።

ጸሎት በርጩማ ስባ ከራስጌያቸው ተቀምጣለች። «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?» ትላቸዋለች።

እማማ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ይስባሉ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ አልጋ ሰባት ይሄዳል። እዚያ እግሯ በጀሶ የታሰረው ረይሀና አለች፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትነግድ የኖረች፣ አፏ የማያርፍ ሴት። አሁን ግን ኮርኒሱን ብቻ ትመለከታለች።

«ሳህኑን እያየሽ!» እላለሁ። «ደግሞ ትልቅ ሰው አፋጦ መያዝ ምንድን ነው?»

ጸሎት አትቸኩልም፤ ትጠብቃለች። እኔ ብሆን ሦስት አልጋ በተሻገርኩ።

«በጾም አፌ አልዋሽም» ይላሉ እማማ በመጨረሻ። «ፍልሰታ ከገባ ጠዋት የቀመስኩት የለም። ከዶሮ ማነቂያ ሰፈራችን ጊዮርጊስ ድረስ ከእናቴ ጋር በእግሬ እየሄድኩ ካስቀደስኩበት ዘመን ጀምሮ፣ በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል አፌ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ሳህኑን ማን ባዶ አደረገው?» እላለሁ።

«የቀረበልኝን መልሼ ልስደድ? ነውር አይደል?»

ሁላችንም ወደ ረይሀና እንዞራለን።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ!» ትላለች። «እማማ ‹በሞቴ ብይልኝ› ብለው ሳህኑን ሲያቀብሉኝ እምቢ ልበል? ወላሂ መርፌው ከምግቡ ጋር እንደሚገናኝ አላወቅኩም። ይኸው እኔም ቀሚሴ ጠቦኛል!»

ተስፋሁን ሳቁ ያመልጠዋል። እኔ መሳቅ ያቅተኛል። ኢንሱሊን ያለ ምግብ ስኳርን ይጥላል፤ እኔ ግን ሦስት ጠዋት ሙሉ እየወጋሁ በባዶ ሆዳቸው ትቻቸው ሄጃለሁ። ካርዱ ላይ ሦስት ጊዜ «በልተዋል» የሚለው ጽሑፍ የእኔ እጅ ነው። አራተኛው መርፌ ደግሞ ይኸው፣ ትሪዬ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን አልነገሩኝም እማማ?» እላለሁ። ድምፄ እንደ በደለኛ ይሆናል።

«መች ጠየቅሽኝ ልጄ?» ይላሉ። ቁጣ የለባቸውም። «ሳህኑን አይተሽ ትሄጃለሽ።»

«ለታመመ ሰው እኮ ጾም የለም» እላለሁ።

«እሱን ንስሐ አባቴም ብለዋል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ጸሎት አትከራከራቸውም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለሐኪማቸው ለዶክተር ኢዩኤል ትደውላለች። ስትመለስ የጠዋቱ መርፌ ቀርቷል። መጠኑ ተስተካክሎ ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግባቸው ጋር ይሆናል፤ እስከዚያ ስኳራቸው በየሁለት ሰዓቱ ይለካል።

«ከወረደ ግን እማማ» ትላለች ጣቷን ቀስራ፣ «ስኳር በጥብጬ አጠጣዎታለሁ። ያኔ ጾም የሚባል ነገር አልሰማም።»

«እሺ ልጄ። ለዚያስ እመቤቴም አትቀየመኝም።» ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። «ተመስገን! እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ተደብቄ ምግብ ማቀበሌ ነበር የጨነቀኝ።»

መርፌውን ሳልወጋው ወደ ማስወገጃው ሣጥን እጥለዋለሁ። ካርዱን ከተስፋሁን ተቀብዬ ሦስቱን «በልተዋል» አንድ በአንድ በመስመር እሰርዛለሁ፤ ከጎናቸው እፈርማለሁ። ከሥራቸው «አልበሉም፤ ጠይቀናቸው ራሳቸው ነገሩን» ብዬ እጽፋለሁ። አፍሬያለሁ፤ ግን ደግሞ ቅልል ብሎኛል። እማማ እኮ ዓይናቸው እያየ፣ አፋቸው እየተናገረ እዚሁ ፊቴ ናቸው።

ጸሎት ከበርጩማው ተነስታ ወደ አልጋ ሰባት ስታመራ እቀድማታለሁ። በርጩማውን አንስቼ ረይሀና ራስጌ አስቀምጥና ቁጭ እላለሁ። በዚህ ክፍል በሽተኛ አጠገብ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«እሺ ረይሀናዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?»

«የቱን ልንገርሽ ሲስተርዬ፣ የራሴን ነው የእማማን?»

እማማ የሺዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ፤ አልጋው እስኪንቋቋ። ይሄኔ ነርሶች ክፍል ያለው ሻዬ ቀዝቅዟል። ይቀዝቅዝ።