ሻጩ ዳግም ያልዘለለበት ቀይ ማንሻ

"ባንድ እጅ ይነሳል ወይ ነው የምልህ፣ ወንድሜ..."

ሻጩ በልቡ ሳቀ። ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ዕቃ የሚያገላብጥ ሞተረኛ አጋጥሞት አያውቅም።

ሱቁ የሞተር ሳይክል ዕቃ መሸጫ ነው። ሰውየው የሚፈልገው የኋላ ማንሻ... ከሞተሩ ጀርባ ገብቶ የኋላውን ጎማ ከመሬት ብድግ የሚያደርገው ብረት። ጎማ ለመፍታት፣ ሰንሰለት ለማጥበቅ መካኒክ ያለ እሱ መከራውን ነው የሚያየው።

ሰማያዊውን አየ። "ይሄ እጀታው አጭር ነው፣ ወገብ ይቆርጣል።"

ግራጫውን አየ። "ይሄ ደግሞ እግሩ ጠባብ ነው፣ ይወላገዳል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ?" አለ ሻጩ። "ደግሞስ ሁለት እጅ እያለህ ባንድ እጅ የምትለው ምንድነው?"

"ለኔ አይደለም። ለመካኒካችን ነው። ጋሽ መፍቻ እንለዋለን። ማንሻ ስለሌለው ድንጋይ ደርድሮ ነበር የሚሠራው... ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተሩ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ ግራ እጁ ላይ ወደቀ። ሦስት ጣቶቹ አይታዘዙለትም። እኛ ዕቃ አመላላሾቹ ተሰባስበን ነው የምንገዛለት።"

ሻጩ ከንፈሩን መጠጠ። ለወጉ ያህል...

ከዚያ ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳለው ቀይ ማንሻ ሄደ።

ስለዚህ ቀይ ማንሻ ከሻጩ በቀር ማንም የማያውቀው ጉድ አለ።

ሻጩ የዕቃውን ጥንካሬ የሚያሳየው ላዩ ላይ ወጥቶ በመዝለል ነው። "ዝሆን ይሸከማል" ይልና ይዘላል። ገዢ ይስቃል፣ ይገዛል። የሱቁ ባለቤት "ሁለተኛ ዕቃ ላይ ስትዘል ባይህ በዚህ በር አትገባም" ብሎታል። እሱ ግን ምን ሲደረግ... ባለፈው ሳምንት ቀዩ ላይ ሲዘል ቀጭ አለ። ብየዳው ተሰንጥቋል።

ስንጥቁን ቀለም ቀባበትና አፉን ዘጋ።

"ይሄን ውሰድለት። እጀታው ረጅም ነው። በደህና እጁ ሞተሩን ይይዛል፣ ይሄን በእግሩ ይረግጠዋል... በቃ፣ ተነሳ።"

"ብየዳው ያስተማምናል?"

"ዝሆን ይሸከማል።"

አለ... ግን አልዘለለም።

ሞተረኛው አመነው። ከፈለ። ሻጩ በካርቶን ያሸገለትን አቅፎ ወደ በሩ አመራ። ሻጩ "ተመስገን፣ ተገላገልኩ" አለ በልቡ።

ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

"ይሄ ቅንድብህ ላይ ያለው ጠባሳ... ልጅ ሆነህ ከሞተር ላይ ወድቀህ ነው አይደል?"

"ማን ነገረህ?"

"አባትህ።"

ሻጩ ክው አለ።

"ጋሽ መፍቻ እኮ አባትህ ነው። በኛ በኩል ማንሻ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። 'ሌላ ቦታ እንዳትገዙ፣ እዚያ ልጄ አለ፣ እሱ የሰጣችሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱ' ብሎን ነው ከተማውን አቋርጬ የመጣሁት። 'ለኔ መሆኑን ግን ከገዛችሁ በኋላ ንገሩት፣ ቀድሞ ካወቀ እኔ ልክፈል ብሎ ያስቸግራችኋል' አለን።"

ሻጩ ባንኮኒውን ያዘ።

ወደ አባቱ ዘንድ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ሞተረኞቹ ያወጡለትን ቅጽል ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም። በግራሶ የተለወሰ አባት እንዳለው ሥራ ቦታው ማንም እንዲያውቅበት አልፈለገም።

ሦስት ሳምንት...

አዎ፣ የዚያን ሰሞን አባቱ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ደውሎለት ነበር። አላነሳም። "ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ መልእክት ላከና ረሳው።

አሁን ያንን ቀይ ብረት አባቱ በእግሩ ሲረግጠው ታየው። ብየዳው ሲለቅ... ሞተሩ በቀረችው እጁ ላይ ሲወድቅ...

"መልስልኝ" አለ። "ካርቶኑን መልስልኝ።"

ቀደደው። ቀለሙን በቁልፍ ፋቀው። ስንጥቁ የጸጉር ያህል ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

"አውቄ ነው የሰጠሁህ" አለ ሻጩ።

ሞተረኛው ስንጥቁን አየ። ሻጩን አየ።

"የሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮስ?"

ሻጩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የሱቁ ባለቤት መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። አልጮኸም። አንድ ደህና ጥቁር ማንሻ አውጥቶ ለሞተረኛው ሰጠው፣ ከዚያ ለሻጩ በጣቱ በሩን አሳየው።

ሥራው እዚያው አበቃ።

ሻጩና ሞተረኛው ጥቁሩን ማንሻ ይዘው አባትየው ወደሚሠራበት ቦታ አብረው ሄዱ። አባትየው ቆርቆሮ ጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ልጁን ሲያይ ብድግ አለ።

"አንተ... በሥራ ሰዓት? አለቃህ አይቆጣህም ልጄ?"

ልጁ ማንሻውን ፊቱ አስቀመጠለት።

አባትየው ማንሻውን በደህና እጁ ዳበሰው። ብየዳውን አየ፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዙሪያውን ወደቆሙት ሞተረኞች ዞሮ፦

"አያችሁ? ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሞተረኛ አንገቱን ደፋ።

"አባዬ..." አለ ልጁ።

"ወዬ።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ሳመው።

እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገረውም...

ወገኖቼ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ስንጥቁ አይደለም። ገዢው "አባትህ" ባይል ኖሮ ሻጩ የዚያን ቀን በሰላም ቤቱ ገብቶ ይተኛ እንደነበር ነው። ከፊታችን የሚቆመው ሰው ባዳ ሊሆን ይችላል። የሸጥንለት ዕቃ ግን የሆነ ሰው አባት እጅ መግባቱ አይቀርም። እንግዲህ ስንሠራም ስንሸጥም ለአባታችን ነው ብለን እናስብ።

አሁን ጥያቄዬ... እናንተ በልጁ ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ለአባታችሁ ትነግሩት ነበር? ወይስ በልጁ እንደኮራ ትተዉት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ እንጃ፣ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።