በጨረቃ ሁለት ዓመት

ዘቢባ የሙሽራውን እናት በር ላይ ስትቀበል ሰላምታው ግማሽ ላይ ቀረ። እንግዳዋ ሻሿን ከአፏ ገለጥ አድርጋ ስትስቅ ፍንጭቷ ታየ። ዋፊቃ ነበረች፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር በአንድ ግቢ አብራት የኖረች ጎረቤቷ።

«ዘቢባ! የናፊያ እናት አንቺ ነሽ?» ዋፊቃ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አልሐምዱሊላህ! ኪያዬን ያጠባሽልኝ…»

እጆቿ ከዘቢባ አንገት ላይ ወረዱ።

ኪያ ሲሉት የነበረው ሕፃን ዛሬ ቢላል ሆኖ ናፊያን ሊያገባ ነው። ያኔ ዋፊቃ በድንገት ታማ ሆስፒታል ስትገባ ልጁን ለዘቢባ አመጡላት። ዘቢባ አራስ ነበረች። ስምንት ቀን ናፊያን በአንዱ ጡቷ፣ እሱን በሌላው ይዛ ሰነበተች። ዋፊቃ እንደዳነች ቤተሰቡ ወደ ጅግጅጋ ሄደ፤ ተጠፋፉ። ለሽምግልና የመጡት የቢላል አጎቶች ነበሩ፤ ኪያ የሚለውን ስም ማንም አላነሳም። አንድ ጡት የጠቡ ደግሞ በእስልምና ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት አይችሉም፣ ኒካህ የላቸውም።

ዋፊቃ የዘቢባን ክንድ ጨምድዳ ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«ዝም በይ። የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«እሱ ነው የከበደኝ» አለች ዘቢባ፤ እጇን አስለቅቃ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ገባች።

ሸህ ነስሮ ኒካሁን ሊያስሩ ነበር። ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርቡት የልደት ወረቀቶች ፊታቸው ተዘርግተዋል። የናፊያ አባት በሕይወት ስለሌለ የሚድራት አጎቷ ዓሊዪ ከቢላል ትይዩ ተቀምጧል። ዘቢባ ቆማ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ ልጁን ማጥባቷን ተናገረች።

«ዘቢባ» አለ ዓሊዪ፣ «ይህን የምትናገሪው ዛሬ ነው?»

«ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

«ስንት ጊዜ አጠባሽው?» አሉ ሸሁ።

«ስምንት ቀን ሙሉ፣ ሸህ። ቆጥሬው አላውቅም።»

«ከአምስት ይበልጣል? ከአምስት ያነሰ አይከለክልም።»

«ይበልጣል።»

«ዕድሜውስ? ሁለት ዓመት ሞልቶት ከነበረ ወተቱ እንደ ማንኛውም ምግብ ነው። ካልሞላው ግን እህቱ ናት።»

ዓሊዪ ወረቀቶቹን አነሳ። ቢላል ሚያዝያ 11 ቀን 1991፤ ናፊያ የካቲት 15 ቀን 1993።

«ልጁን ያመጡልኝ ናፊያ በተወለደች በአርባኛው ቀን ነው» አለች ዘቢባ። «አርባዬን ጨርሼ ልወጣ ገላዬን ታጥቤ ነበር።»

ዓሊዪ በጣቶቹ ቆጠረ። «መጋቢት 25 ቀን 1993።» እንደገና ቆጠረና ወረቀቱን አስቀመጠ። «ሁለት ዓመት ሊሞላው አሥራ ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።»

ከቢላል አጎቶች አንዱ ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ቢላል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሙሽራዋ ካለችበት ከመጋረጃው ጀርባ ታፍኖ የነበረ ልቅሶ አመለጠ። ዘቢባ ግድግዳውን ተደገፈች። ልጇን በገዛ እጇ የጣለቻት መሰላት።

«ተቀመጡ» አሉ ሸህ ነስሮ። «የቆጠርከው በሐበሻ ነው፣ ዓሊዪ። የጡት ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። የጨረቃ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ግድም ያጥራል። ወደ ሂጅራ የሚመልስልኝ ማነው?»

«እኔ» አለ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ። ናፊያ ነበረች።

የስልኳ ቁልፎች ሲነኩ ተሰማ። «ሚያዝያ 11… በፈረንጅ ኤፕሪል 19 ቀን 1999።» ቀጠለች። «በሂጅራ ሙሐረም 3 ቀን 1420።»

«ሁለተኛውስ?»

«መጋቢት 25፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2001።» ቁልፎቹ እንደገና ተነኩ። «ኔትወርኩ ነው» አለች። ዘቢባ ያሲን የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ በልቧ ጀምራ መሃል ላይ ጠፋት።

«ሙሐረም…» አለች ናፊያ። «ሙሐረም 9 ቀን 1422።»

ዓሊዪ ከወገቡ ቀና አለ። «ሞልቶታል! ስድስት ቀን አልፎታል!»

«ቆይ» አሉ ሸሁ። «ስልክ ጨረቃ አላየም፤ አንድ ሁለት ቀን ሊስት ይችላል። እናቱን ጥሯት።»

ዋፊቃ ደጃፉ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። «የዐሹራ ዋዜማ ነበር፣ ሸህ» አለች እንባዋ እየወረደ። «የነገውን ገንፎ ላሰናዳ ዱቄት ስነፋ ነው የወደቅኩት። እሱን ስወልድም ዐሹራ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።»

«ትምያለሽ?»

«ወላሂ።»

ሸህ ነስሮ ዓይናቸውን ጨፍነው «ዐሹራ ሙሐረም 10 ነው፤ ዋዜማው 9፣ ልደቱ 3» እያሉ ቆጠሩ። ከዚያ በእጃቸው ዓሊዪን ጠቀሱ። «ወንድሟ አይደለም። ቅረብ፣ የልጁን እጅ ያዝ።»

ቢላል «ተቀብያለሁ» ሲል እልልታው ግቢውን ሞላው። ዘቢባ ግን እልል ማለት አልቻለችም። ወደ ውስጥ ገብታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ናፊያ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

«እማ፣ ባይሞላ ኖሮስ?»

«እናገር ነበር።»

 ናፊያ የእናቷን እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ከመጋረጃው ወዲያ ቢላል አማቱን አስፈቅዶ ሊገባ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያጠባችውን ሴት ምን ብሎ እንደሚጠራት ግን ወዲያው አልመጣለትም።